ተመልካቹ ሜዳውን አልከዳም

ባለፈው እትማችን አንድ ወንድማችን ስለ አካባቢያችን እግር ኳስ የጻፈውን አንብቤ ዝም ለማለት አልቻልሁም። ጽሑፉ በመልካም አማርኛ የተጻፈ ስለሆነ ያመኑበት ብዙዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ያሳሰበኝም ይህ ነው። አሳቡ ባጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ የቸሃም ሆነ የወልቂጤ፣ የቡታጅራም ሆነ የእምድብር ሰው ነጋዴና ሥራ ወዳድ ስለሆነ ኳስ ለማየት ጊዜ የለውም፤ ጊዜ ያለውም ወጣት ልቡን ለእንግሊዝ ክለቦች ሰጥቷል፤ ስለዚህ ለታችኞቹ ሊጎች ሜዳ ማሳመር ገንዘብን ወደ ወንዝ እንደ መጣል ይቆጠራል።

እኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ። ተመልካቹ ሜዳውን አልከዳም፤ ሜዳው ነው ተመልካቹን የከዳው። ሰው ወደ ጨዋታ የሚሄደው ቡድኑን ስለ ወደደ ብቻ አይደለም። ሜዳው የት እንደሆነ፣ ደርሶስ ምን እንደሚጠብቀው አስቦ ነው። ይህን ለማሳየት ሩቅ አልሄድም፤ ከራሴ እጀምራለሁ።

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ ከመኝታ ክፍላችን ስምንት ሆነን የወረዳ ቡድኖች የሚገጥሙበትን ጨዋታ ልናይ ወጣን። የሜዳውን ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለው ሜዳ አንድ ብቻ አይደለምና። የተለጠፈው ወረቀት ጨዋታው በ9 ሰዓት ይጀመራል ይላል። ባጃጁ እስከ አስፋልቱ ጫፍ አደረሰን፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጭቃ ግን ባለቤቱ አይቶ «በዚህስ አልገባም» አለን። ግማሽ ሰዓት ያህል በእግራችን ሄደን ስንደርስ መቀመጫ ይቅርና እግር የሚያሳርፉበት ደረቅ ሣር አልነበረም። የሜዳው መስመር በአንድ ወገን ተሰምሯል፤ በሌላው ወገን ዳኛው በግምት ይፈርዳል። ከግቡ ጀርባ ላሞች ይግጣሉ። ጨዋታው የተጀመረው በ10 ሰዓት ነው፤ ዝናቡም አብሮት ተጀመረ። በዙሪያው ከጥቂት ባሕር ዛፍ በቀር መጠለያ የለም፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከዝናብ እንደማያስጥል የታወቀ ነው።

ስምንት ሆነን ሄደን ጨዋታው ሲያልቅ ሦስት ቀረን። አምስቱን ስንመለስ አስፋልቱ ዳር ካለ የዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ተደላድለው ተቀምጠው የእንግሊዝ ጨዋታ ሲያዩ አገኘናቸው። ከአምስቱ አንዱ የበረኛው የአክስት ልጅ ነበር! እንግዲህ ይህን ልጅ ምን እንበለው? ዘመዱን የጠላ ነውን? ወይስ በማንችስተር የሚጫወተው በረኛ ከአክስቱ ልጅ ይልቅ የሥጋ ዘመድ ሆኖበት ነው? ምክንያቱን ብጠይቀው የሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፤ «እግሬ ራሰ» አለኝ።

የዲኤስቲቪ ቤት ምን አለው? አንደኛ፣ ከመንገድ ዳር ነው፤ ሲገቡም ሲወጡም ከቤት አያርቅም። ሁለተኛ፣ አግዳሚ ወንበር አለው። ሦስተኛ፣ ራስን የሚሸፍን ቆርቆሮ አለው። አራተኛ፣ ሰዓቱ የታወቀ ነው፤ ጨዋታው ይጀመራል በተባለበት ደቂቃ ይጀመራል። ወንድማችን «ወጣቱ ልቡን ለባዕድ ሰጠ» ብሎ የከሰሰው ወጣት በጥቂት ብር የገዛው እነዚህን አራት ነገሮች ነው። ከጭቃ ይልቅ ደረቅ አግዳሚ መምረጥ የአገር ፍቅር ማነስ ከሆነ እኛም ሁላችን፣ መምህሮቻችንም ጭምር፣ ከዚህ ኃጢአት ንጹሕ አይደለንም።

ይህን ስል «እንግዲያውስ ታላቅ ስታዲዮም ይሠራልን» ብሎ የሚያጨበጭብ አይጠፋም። እርሱንም ቢሆን እቃወመዋለሁ። ታላቅነት ብቻውን ሰው እንደማይጠራ ከጣሊያን አገር መማር ይቻላል። በቱሪን ከተማ ለ1990 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ዴሌ አልፒ የተባለ፣ 69,000 ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲዮም ተሠራ። የተሠራው ከከተማው ዳር ነው። በሜዳውና በመቀመጫው መካከል ደግሞ የሩጫ መም ስለ ገባ ተመልካቹ ተጫዋቹን የሚያየው ከሩቅ ነበር። ጁቬንቱስን የሚያህል፣ በጣሊያን እጅግ ብዙ ደጋፊ ያለው ክለብ በዚህ ስታዲዮም ሲጫወት መቀመጫው ባዶ ይታይ ነበር። በ2001-02 የውድድር ዘመን ለጣሊያን ዋንጫ ከሳምፕዶሪያ ጋር ሲገጥም የተገኘው ተመልካች 237 ሰው ብቻ ነው።

ታዲያ ክለቡ ምን አደረገ? «የቱሪን ሰው ኳስ አይወድም» ብሎ ሕዝቡን አልወቀሰም። ስታዲዮሙን አፍርሶ በዚያው ቦታ 41,000 ያህል ሰው የሚይዝ፣ መም የሌለው፣ ተመልካቹን ከሜዳው አፍንጫ ሥር የሚያስቀምጥ ሌላ ስታዲዮም ሠራ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ከተማው ያው፣ ሕዝቡ ያው፣ ክለቡም ያው ነው፤ መቀመጫው ግን ይሞላ ጀመር። የጠበበው ስታዲዮም ሰፊውን አሸነፈው። ሰፊ ስታዲዮም ለሚመኙልን ሁሉ ይህ በቂ ትምህርት ይመስለኛል።

በአገራችንም ያየነው ከዚህ አይርቅም። የአዲስ አበባ ስታዲዮም ከከተማው መካከል፣ ከለገሃር ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ስለ ተሠራ ሠራተኛውም ተማሪውም በእግሩ ይደርስበት ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል፣ ሕዝቡ በዓይኑ አየ። ያየው ለልጁ ነገረ፤ ልጁም ለልጁ ነገረ፤ እስከ ዛሬም ይነገራል።

ከ60 ዓመት በኋላስ? በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. ቡድናችን ያንኑ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ጨዋታው የተደረገው ግን በማላዊ አገር፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነው፤ ባለ ሜዳ የተባልነውም እኛ ነበርን! ከዚያ አስቀድሞ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከጋና ጋር ያደረግነው የሜዳችን ጨዋታ ጆሃንስበርግ ላይ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲዮሞቻችን መስፈርት አያሟሉም በማለቱ ቡድናችን እንግዳ ሆኖ በሰው አገር እንግዳ ተቀበለ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል እንዲህ ነው። በዚያን ቀን በሊሎንግዌ ያልተገኘው የአዲስ አበባ ሰው ግብፅን ማሸነፍ ስለማይወድ ነው የሚል ይኖራልን? ማንም አይልም። ስለ አዲስ አበባ ሰው የማንለውን ስለ ቸሃ ሰው ለምን እንላለን?

ከብሔራዊ ቡድን ወደ ቤታችን እንመለስ። ደጋፊው «ሠራተኞቹ» እያለ የሚጠራው የወልቂጤ ከተማ ክለብ በታችኛው ሊግ ሲደክም ኖሮ ለ2012 ዓ.ም. ውድድር ወደ ፕሪምየር ሊግ አደገ። የዚያ ዓመት ውድድር በኮሮና በሽታ ምክንያት ተቋርጦ ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ ሲመለስ ጨዋታው በየክለቡ ከተማ መሆኑ ቀርቶ ክለቦች ሁሉ በአንድነት ወደ ተመረጡ ከተሞች እየሄዱ መጫወት ጀመሩ፤ እነርሱም አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ። ይኸው አሠራር ከዚያ በኋላም በተከታታይ ዓመታት ቀጠለ። እንግዲህ አስቡት። የወልቂጤ ሰው ዕድሜ ልኩን የጠበቀውን ቀን ካየ በኋላ፣ ክለቡን በታላቁ ሊግ በገዛ ከተማው አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን እንኳ ሳያይ ጨዋታው ከእጁ ወጣ። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወዲያ ቀን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ ናቸው። በየትኛው ገንዘብ፣ በየትኛው ፈቃድ ነው ባለ ሱቁና አስተማሪው፣ ተማሪውና ባለ ባጃጁ ክለቡን ተከትሎ የሚሄደው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

በዚህ ላይ ለተቃራኒው ወገን ፍትሕ ማድረግ ይገባል። ሊጉ ይህን ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። በሽታው ነበረ። ጨዋታውን በቴሌቪዥን ለማስተላለፍ የተደረሰው ውልም ለክለቦች ገንዘብ አምጥቷል፤ ካሜራውን ደግሞ በየጭቃው ሜዳ ይዞ መዞር አይቻልም። ይህን አልክድም። ነገር ግን ይህ ምክንያት የሚመሰክረው ለእኔ ነው። ጨዋታው ከየከተማው የተወሰደው ሜዳዎቻችን የማይረቡ ስለሆኑ ከሆነ፣ ተመልካቹን ያራቀው የሜዳው ጥራት ነው እንጂ የሕዝቡ ጠባይ አይደለም ማለት ነው።

የታችኞቹ ሊጎች ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በከፍተኛ ሊግም ክለቦችን በምድብ ከፋፍሎ በተመረጡ ከተሞች ማጫወት ተለምዷል፤ የቡታጅራ ሰው ክለቡ በሌላ ከተማ ሲጫወት ውጤቱን የሚሰማው በስልክ ነው። ለታላቁ ሊግ ቢያንስ ካሜራ ተከትሎታል። ከሥር ላለው ግን በዚያም በዚህም የሚያየው የለም። በዓይን ያልታየ ቡድን ደግሞ እንዴት ይወደዳል?

«አንድ ጨዋታ ባይታይ ምን ይጎድላል?» የሚሉ አሉ። የሚጎድለውን ልንገራችሁ። በአገራችን አብዛኞቹ ክለቦች የሚኖሩት ከመንግሥት አስተዳደር በሚመደብላቸው በጀት ነው። በጀቱ ሲዘገይ የተጫዋቹ ደመወዝ ይዘገያል፤ በጀቱ ሲቆረጥ ክለቡ ይፈርሳል። ከበጀት ሌላ ክለብን በእግሩ ሊያቆም የሚችለው በር ላይ ትኬት የሚቆርጥ፣ ማልያ ገዝቶ የሚለብስ፣ ክለቡ ሲታመም «ክለቤ» ብሎ የሚጮህ ሕዝብ ነው። ተመልካች የሌለው ክለብ የአንድ ቢሮ ፋይል ነው፤ ፋይሉ የተዘጋ ዕለት የሚያለቅስለት አይገኝም። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን የእምድብር ልጅ ነገር ነው። የአገሩ ልጅ በአገሩ ሜዳ፣ በአባቱና በአጎቱ ፊት ሲጫወት ያላየ ልጅ፣ ተጫዋች ማለት በመስታወት ውስጥ የሚኖር የባሕር ማዶ ሰው ይመስለዋል። ከእርሱም ውስጥ ተጫዋች ሊወጣ እንደሚችል ማን ይንገረው?

ወንድማችን ሌላም የዘነጋው ነገር አለ። የጉራጌ ሰው ሜዳ አያውቅም ማለት ጀፎረን አለማወቅ ነው። ከጉብሬ ወደ እምድብር የሚሄድ ሁሉ ያየዋል። መንደሩ በሁለት ወገን ተሰልፎ ይቆማል፤ በመካከሉ ሰፊ፣ ለምለም፣ ቀጥ ያለ መስክ ይዘረጋል። ሰርጉ በዚያ ነው፤ ለቅሶው በዚያ ነው፤ የመስቀል ጨዋታው በዚያ ነው፤ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉትም በዚያ ነው። ማንም ቢሆን አጥሩን ወደ ጀፎረው እንዳይገፋ፣ መሬቱንም እንዳያርስ በባህላዊው ሕግ፣ በቂጫ፣ ተከልክሏል። አባቶቻችን የሰው መሰብሰቢያ ከሰው ደጃፍ መሆን እንዳለበት፣ ንጹሕና ደልዳላ ሆኖ መጠበቅ እንዳለበት፣ ባለቤቱም ሁሉም ሰው መሆኑን ያወቁት መሐንዲስ ሳይነግራቸው ነው። እኛ ግን የተማርነው ሰዎች የከተማውን መካከል ሸጠን ሜዳውን ወደማይረባው ረግረግ እናወጣለን፤ ቀጥለንም «ሰው አልመጣም» ብለን እንገረማለን።

አሁን ምን ይደረግ? ተችቶ መቅረት ቀላል ስለሆነ አሳቤን በዝርዝር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የከተማና የወረዳ ሜዳ ከገበያውና ከመናኸሪያው በእግር የሚደረስ ይሁን። ያለው ሜዳ መካከል ላይ ከሆነ ለሕንፃ አይሰጥ፤ እንደ ጀፎረ የማይነካ ይባል። አንዴ የተሸጠ የከተማ መካከል ተመልሶ አይገዛም።

ሁለተኛ፣ ውሃው ይውጣ። የቸሃ ዝናብ ምን ያህል እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ አልነግርም። ሜዳው ከመካከሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ወደ ዳር ቢያዘነብል፣ ዙሪያውንም ቦይ ቢቆፈርለት ለተጫዋቹ እግርም ለተመልካቹ ጫማም ይበጃል። ይህ ሥራ አካፋና ዶማ ነው የሚፈልገው።

ሦስተኛ፣ መቀመጫና ጥላ ይኑር። ሜዳው ሲደለደል የሚወጣው አፈር በአንድ ወገን ተከምሮ በደረጃ ቢቆረጥና ሣር ቢተከልበት መቀመጫ ሆነ ማለት ነው። ባሕር ዛፍ በሞላበት አገር በአንድ ወገን እንኳ የቆርቆሮ ጥላ ማቆም እንዴት ያቅተናል?

አራተኛ፣ መጸዳጃ ቤት ይሠራ፤ ለሴቶችም የተለየ ይሁን። እኅቶቻችን ወደ ጨዋታ የማይመጡት ኳስ ስለማይወዱ ነው የሚል ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ መቀመጫና መጸዳጃ በሌለበት ቦታ ቆሞ ይሞክረው።

አምስተኛ፣ ሰዓቱ ይከበር። በ9 ሰዓት የተባለ ጨዋታ በ9 ሰዓት ይጀመር። በ10 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ የሚያልቀው ወደ 12 ሰዓት ነው፤ በዚያን ጊዜ ባጃጁም ሚኒባሱም ያልቃል፤ ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ እራት ያመልጠናል። ከጨዋታ በኋላ መመለሻ እንዳለ ያልተረጋገጠለት ሰው አስቀድሞም አይሄድም።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ የሚኖረው የአገራችን ተወላጅ ከጉልበቱና ከንግዱ ያገኘውን ብር እያዋጣ ወደ አገሩ የሚገባውን መንገድ አሠርቷል። መንገድ ያሠራ ሕዝብ የመንገዱ ጫፍ ላይ ሜዳ መደልደል አይከብደውም። ለመስቀል ከየከተማው ተሰብስቦ ሲመጣ የሚጠይቀው ግን የለም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እኛ ግን ክለብ ሲያድግ ያን ጊዜ ስለ ሜዳ እንጨነቃለን፤ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚሉት ይህ ነው። ሜዳ ከድል በፊት መሠራት አለበት።

ለማኅበራችንና ለመምህሮቻችንም አንድ ልመና አለኝ። በመካከላችን የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች አሉ። ስለ ውሃ ማፋሰሻና ስለ አፈር ድልድል በጥቁር ሰሌዳ ይማራሉ፤ ለፈተናም ይሸመድዳሉ። አንድ የወረዳ ሜዳ ለክተው፣ ንድፉን ሠርተው፣ ወጪውን አስልተው ለባለ ጉዳዩ ቢሰጡ ትምህርታቸው ለሕዝብ ደረሰ ማለት ነው። መምህሮቻችን ይህን ለመለማመጃ ሥራ ቢቀበሉት ከነማርኩ ትልቅ ውለታ ይሆናል።

በመጨረሻ ወደ ወንድማችን እመለሳለሁ። ክርክራችን በወረቀት ብቻ እንዳይቀር እንሞክረው። በግቢያችን ሜዳ አንድ ቅዳሜ የአካባቢው ሁለት ቡድኖች ይጋበዙ። ከመማሪያ ክፍሎች አግዳሚ ወንበር እናውጣ፤ በአንድ ወገን ሸራ እንወጥር፤ በሩን ለከተማው ሰው እንክፈት፤ ጨዋታው በ9 ሰዓት ይባል፤ በ9 ሰዓትም ይጀመር። ወንድማችንና እኔ በሩ ላይ ቆመን ሰው እንቁጠር። ሰው ካልመጣ ይህን ጽሑፍ በዚሁ ጋዜጣ ላይ በስሕተቴ ተጸጽቼ እሽረዋለሁ። ሰው ከመጣ ደግሞ ወንድማችን የቸሃን ሰው ይቅርታ ይጠይቅ።

እኔ ወንበር ለመሸከም ዝግጁ ነኝ። የበረኛውም የአክስት ልጅ እሸከማለሁ ብሏል።

ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ